ሲሮጡ የታጠቁት

ዕድሜዬ ሃምሳን ከተሻገረ ወዲህ ከሐኪም ጋር ዝምድናችን ጠብቋል። ባለፈው ደም ግፊቴን ለካና፣ «መምህር፣ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ፤ ሶምሶማም ቢሆን ደህና ነው» አለኝ። ሶምሶማ! ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ የወደድኩት ቃሉን ነው። የፈረስና የበቅሎ አካሄድ ነው፤ እርምጃም አይደል፣ ግልቢያም አይደል።

ሰርግ ተጠርቼ ቡታጅራ በወረድኩ ጊዜ ትእዛዙን ልፈጽም ማለዳ ተነሣሁ። አስፋልቱ ላይ አልተቻለም። ከፊት ባጃጅ፣ ከኋላ አይሱዙ፣ ከጎን ደግሞ ተሳፋሪ የሚጠራ ረዳት። ከተራራው ወደሚወርደው ጅረት ልታጠፍ ስል አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ብድግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ምነው? ሰው ታመመብዎት እንዴ?» አለችኝ። ስፖርት ነው አልኳት። «እሰይ! እኔ እኮ መርዶ ሊያረዱ የሚሮጡ መስሎኝ» ብላ ተቀመጠች።

አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሮጥ ወይ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ወይ ሌባ ያባርራል፣ ወይ ራሱ ይባረራል። ሴት ከሆነች ደግሞ መንደሩ ጉድ ይላል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማራቶን ባሸነፈበት አገር ነው። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ተመዝግቧል፤ ዛሬማ ቲሸርቱን ለማግኘት ሰልፉ ሌላ ነው። ጥያቄዬ ግን በዓመት አንድ እሑድ ስለሚሮጠው አይደለም። ሰኞ ጠዋት አንድ የቡታጅራ አስተማሪ ወይም አንዲት የወልቂጤ ነርስ የት ትሩጥ?

ወደ ጅረቱ ልመለስ። ወርጄ አየሁት። በአንድ በኩል የአንዱ አጥር ውኃው አፍ ድረስ ገብቷል። በሌላው በኩል ከግቢ የወጣ ቱቦ ምንነቱን ልነግራችሁ የማልፈልገውን ነገር ያወርዳል። ፌስታሉ ቁጥቋጦው ላይ እንደ አበባ ተንጠልጥሏል። አፍንጫዬን ይዤ ተመለስኩ። ያን ቀን ያስገረመኝ ይኼ ነው፦ እኛ አገራችንን ሰው «የወንዜ ልጅ» ብለን የምንጠራ፣ ዘመድነትን በወንዝ የምንቆጥር ሰዎች ነን። ወንዙን ራሱን ግን የጓሮ ቆሻሻ መጣያ አደረግነው።

አሁን «ታገሥ፣ ኮሪደር ልማቱ ይደርስልሃል» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ወጥቷል፤ ወደ ወልቂጤና ቡታጅራም ደርሷል። መልካሙን መልካም ማለት ነውር የለውም፤ እግረኛ መሄጃ ማግኘቱን አልጠላም። አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም. የወንዞች ዳርቻን ልማትና ብክለት የሚመለከት ደንብ አውጥታለች፤ ይህም ተገቢ ነው። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ንጣፍ፣ የጌጥ መብራት፣ ፏፏቴ፣ ከዚያ አጥር፣ ከአጥሩ በኋላ በር፣ በሩ ላይ ጥበቃ፣ ጥበቃው ጋ ቲኬት። ለምረቃ ቀን ተብሎ የተሠራ ነገር ከምረቃው ማግሥት ባለቤት ያጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች።

ደግሞስ ለዚህ ነገር ሞዴል ፍለጋ ሩቅ መሄድ ምን አመጣው? የጉራጌ ገጠር ጀፎረ አለው እኮ! ጀፎረን ያላያችሁ እንደሆነ፣ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የመንደር መንገድ ነው። ሰርግ ያልፍበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ፈረስ ይጋልቡበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ሽማግሌ ያስታርቅበታል። የማንም አይደለም፤ ስለዚህም የሁሉም ነው። ጀፎረን ገፍቶ ማጠር በባህሉ ሕግ ያስቀጣል። ሕጉን ቅጫ ይሉታል፤ በሰባት ቤት ጉራጌ የየጆካ ሸንጎ የሚመክርበት ማለት ነው። ጀፎረን ከነሣሩ ያቆየው ካርታና ፕላን አይደለም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን «ተው» ማለት በመቻሉ ነው። ሶምሶማ የሚለው ቃልስ ከፈረስ ጋር የሚሄደው የት ሆኖ ነው? እዚያው ሣር ላይ!

ታዲያ ጀፎረን ያወቀ ሕዝብ ከተማ ሲገባ ለምን ረሳው? ገጠር ያለውንም ቢሆን ዛሬ ባሕር ዛፍና አጥር እየገፋው ነው። ከተማ ላይማ ክፍት መሬት ያየ ሁሉ «ባለቤት የለውም» ብሎ ይቆርሳል። ባለቤት የሌለውና የሁሉ የሆነው ነገር ልዩነቱ ጠፍቶብናል። በሽታችን ይኼ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ስነግረው ተቆጣ። «በየካቲት 2015 ዓ.ም. ወልቂጤ ላይ ውኃ ጠማን ብለው አደባባይ የወጡ ሰዎች ሞተዋል። ሰው ለውኃ በሞተበት ከተማ አንተ ስለ ሶምሶማ ታወራለህ?» አለኝ። ከባድ ነገር ነው፤ ዝም አሰኘኝ። በኋላ ሳስበው ግን ወዳጄ የነገረኝ የእኔኑ ነገር ነው። ዋቤን የሚያህል ወንዝ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ እያለፈ፣ ከተማው ቧንቧ ሥር ጀሪካን ደርድሮ ሲያድር፣ ከውኃው ጋር ያለን ግንኙነት መበላሸቱ አይደል? መቼም የሶምሶማ መንገድ ቧንቧ አይተካም፤ ቧንቧው ይቅደም። ግን በየማለዳው ሰው የሚመላለስበትን ጅረት በሌሊት ቱቦ አውጥቶ የሚለቅበት ይቸገራል፤ ያዩታላ! ሰው ፊቱን ያዞረበት ወንዝ ነው በስውር የሚሞተው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በወልቂጤም በቡታጅራም ከከተማው ጅረት ዳርና ዳር መሬት ይከለል፤ ለማንም ካርታ አይሰጥበት። ንጣፍ አልፈልግም፤ ለጉልበቴም አፈሩና ሣሩ ይሻለዋል። በርና ቲኬት አይኑረው። ቱቦዎቹ ከጅረቱ ይነሡ። ጥላ የሚሆን ዛፍ ይተከል፤ ባሕር ዛፍ ግን አይሁን። ጠባቂው ደግሞ ባለዱላ ዘበኛ ሳይሆን የሰፈሩ እድርና ሽማግሌ ይሁን። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይኼ ነው።

በጀት የለም እንዳትሉኝ። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች መንግሥት እስኪሠራልን አንጠብቅም ብለው፣ ከጫማ ጠራጊው እስከ ነጋዴው አዋጥተው አገራቸው ውስጥ የመኪና መንገድ አስቆርጠዋል። ለመኪና መንገድ ያዋጣ ሕዝብ ለእግሩ መሄጃ መሬት መተው ያቅተዋል? መተው እኮ ነው ያልኩት፤ መተው ገንዘብ አይጠይቅም።

እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመልሻለሁ፤ ደም ግፊቴም አብሮኝ ተመልሷል። ቡታጅራ ዳግመኛ ስወርድ ያቺ ቡና አፍይ ሴት ስሮጥ አይታ ብድግ እንዳትል እመኛለሁ። ከተቻለማ ቡናዋን ጥላ አብራኝ ሶምሶማ ብትወርድ።