የተራራው ገቢ ለተራራው ገበሬም ይድረስ

ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ዋና መኖሪያዎቹም የባሌና የአርሲ ተራሮች ናቸው። የውጭ አዳኞች ዕድሜው የገፋ አንድ ወንድ አጋዘን ለማደን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። እንደ ሙኔሳ ኩኬና ኦዶ ቡሉ ያሉት ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ሥፍራዎች የሚሠሩትም በዚሁ አግባብ ነው፤ በኮታ የተፈቀደው ብቻ ይታደናል፣ ገቢው ደግሞ ለመንግሥት ይሰበሰባል።

ከዚህ ገቢ 85 በመቶው ለክልል፣ 15 በመቶው ለፌዴራል መንግሥት እንዲሆን ተደንግጓል። ክፍፍሉ ለክልሎች የሚያደላ መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን ከብቱን ከጫካው የሚያስወጣውና ገብሱን በአውሬ የሚያስበላው ገበሬ፣ ከክልሉ ድርሻ ስንቱ ወደ ቀበሌው እንደሚወርድ ቀድሞ ካላወቀ፣ አጋዘኑን የሚያየው እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ ባለዕዳ ነው። ጥበቃውም በጥቂት ዘብ ትከሻ ላይ ብቻ ይወድቃል።

ተራራን በገበሬው እጅ መጠበቅ እንደሚቻል የመንዝ ጓሳ ያስተምራል። የመንዝ አባቶች ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነው በደንብ ይታጨዳል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ግን ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ለልቅ ግጦሽና ለዘፈቀደ አጨዳ ተጋለጠ። ኋላ ላይ ኅብረተሰቡ በራሱ ኮሚቴ አማካይነት ጥበቃውን መለሰ፤ የክልሉ መንግሥትም ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ። በጓሳ አደን የለም፤ ጥቅሙ ከሣሩ፣ ከውኃውና ከጎብኚው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው አደን ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ብቻ አይደለም። በአደጋ ላይ ያሉት ዋልያና ቀይ ቀበሮ ለአደን የሚታሰቡ አይደሉም፤ በእነሱ ተራራ ላይ የሚያዋጣው ቱሪዝም ነው። አደን በሚፈቀድበት ሥፍራም ኮታው በቆጠራ ላይ ሊመሠረት ይገባል። በሁለቱም ዘንድ ግን ዋናው ነገር የገበሬው ድርሻ ነው።

ወረዳዎች ለባለሀብት የድጋፍ ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት ሦስት ነገሮችን በቀበሌው ጉባኤ ፊት ቢያስጽፉ ይበጃል። እነዚህም ለቀበሌው የሚደርሰው ገንዘብ መጠንና የሚከፈልበት ወር፣ ሣር የሚታጨድበትና ከብት የሚሰማራበት ጊዜ፣ እንዲሁም አውሬ ሰብል ሲያጠፋ ጉዳቱን የሚገምተውና የሚክሰው አካል ናቸው። ገበሬውም በበኩሉ የተዘጋውን ላለመክፈትና ሕገወጥ አዳኝን ለመጠቆም ይፈርም።

ይህ ካልተደረገ ደኑ ወደ እርሻ፣ እርሻውም ወደ ቦረቦር መለወጡ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚታደን አጋዘንም፣ የሚከፋፈል ገቢም አይኖርም።