ረግረጉን ለጎማ ብለው አያድርቁብን

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

ክቡር ከንቲባ፣

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥፋት ልናዘዝ ነው። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እሱ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ አራት ጓደኛሞች ማውንቴን ሳይክላችንን ይዘን በይጋንዳ በኩል ወደ ዘጌ አቀናን። መንገዱ ድንጋይና አቧራ ስለሆነ ቶሎ ሰለቸን። በቀኛችን በኩል ግን ሜዳው ለምለም ነው። ቄጤማው ጉልበት ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ደንገሉ እንደ አጥር ቆሟል፤ ከደንገሉ ጀርባ ሐይቁ ይብለጨለጫል። «እናቋርጠው!» አለ አንዱ። ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም።

ረግረግ ላይ ሳይክል ነድቶ የማያውቅ ሰው ደስታውን አይረዳውም። መሬቱ ከሥርዎ እንደ ፍራሽ ይሰምጥና መልሶ ይነሣል። ፔዳል መምታት ካቆሙ ይሰጥማሉ፤ ስለዚህ ማርሹን አቅልለው፣ ከመቀመጫው ሳይነሡ፣ ሳያቋርጡ መምታት ነው። ሃያ ሜትር የሄደ ጀግና ነው። ከዚያ ዋልካው ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ ሳይክሉን ቀጥ ያደርገዋል፤ እርስዎም እስከ ቁርጭምጭሚትዎ ውኃ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። እኛም ስቀን፣ ሳይክላችንን ተሸክመን ወጣን። ፎቶ አነሣን። ፎቶውን ያዩ ሌሎችም በሳምንቱ ሄዱ።

ኋላ የመጣው የኛን ዱካ አይቶ ኩሬ የሆነውን ሸሽቶ በጎን አለፈ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ጎን። አንድ ስንዝር የነበረው ዱካ በኅዳር መጨረሻ የጋሪ መንገድ አከለ። በክረምቱ ዝናብ ሲመጣ፣ ድሮ ሜዳው ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ይሰርግ የነበረው ውኃ ጎማችን በቀደደው ጎድጓድ ተሰብስቦ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወረደ። በሁለተኛው ዓመት ሳልፍ እዚያው ቦታ ላይ ሽምብራ በቅሎ አየሁ። ጎድጓዳችን በዶማ ሰፍቶ ቦይ ሆኗል። ማሳው ዳር የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ስለ ቦዩ ስጠይቃቸው ሳቅ እያሉ፣ «ልጄ፣ ይህ ውኃ መውጫ አልነበረውም። መንገድ ያሳያችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ አሰፋሁት እንጂ አልጀመርኩትም» አሉኝ።

ክቡር ከንቲባ፣ አራት ሳይክሎች ያደረጉት ይህ ነው። ለብስክሌት መንገድ ተብሎ ሮለርና ገልባጭ መኪና ቢገባበትስ?

ይህን የምለው የኮሪደር ልማቱን ለመቃወም አይደለም። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት ሲባል ደረታቸውን ከሚነፉት አንዱ ነኝ። ሜዳማነቷና ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ለዚህ ፈጥረዋታል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው አባቴ ፈረቃ ገብቶ የሚወጣው በሳይክል ነበር፤ ካቴናዋን በናፍጣ ሲያጥብ ነው የማስታውሰው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መሥመር ሲወጣለት፣ በኮሪደር ልማቱም በሐይቁ ዳር ለእግረኛና ለብስክሌት ቦታ ሲሰጥ፣ አባቴ በሕይወት ቢኖር አልኩ። ከተማው ውስጥ ንጣፍ መነጠፉ ተገቢ ነው። ጥያቄዬ ንጣፉ ከተማው አልቆ ረግረጉ ሲጀምር የት ይቆማል የሚለው ነው። እኔ ብስክሌተኛው፣ ለብስክሌተኛ ተብሎ ረግረግ ውስጥ ድንጋይ እንዳይደፋ እለምናለሁ። እኛ አስፋልት አንፈልግም። ማውንቴን ሳይክል የተሠራውም አስፋልት በሌለበት እንዲሄድ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ረግረግ ማለት «ባዶ መሬት» ማለት እየሆነ ስለመጣ፣ ስለዚህ መሬት ጥቂት ልበል። ጣና ስፋቱ ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ሰታቴ በሉት። እንዲህ ላለ ሐይቅ ትልቁ ጠላት ደለል ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በየክረምቱ ይዘውት ይመጣሉ። ደንገሉ፣ ፊላውና ቄጤማው ውኃውን አዝግመው ደለሉን ያስቀሩታል። አምባዛ ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ለመጣል የሚወጣው ወደዚሁ በውኃ ወደተዋጠ ሣር ነው፤ ቀረሶም ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በዳሩ ተክል መካከል ነው። ታንኳው የሚታሰረው ከደንገሉ ነው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ቤታችን የሚጎዘጎዘው ቄጤማስ ከየት የሚመጣ ይመስለናል? በዓሉን በረግረግ ላይ ተቀምጠን እያከበርን ረግረጉን ባዶ መሬት እንለዋለን።

እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁ ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ከታወቀ ወዲህ ሕዝቡ በእጁ ሲነቅል፣ በጀልባ ሲጎትት ዓመታት አልፈዋል። እምቦጭ የሚፈነጨው ከማሳው ታጥቦ የሚመጣ ማዳበሪያና ደለል ሲያገኝ ነው። የዳሩን ተክል ያነሣን ቀን ለእምቦጭ በር ከፈትንለት ማለት ነው። ይህ ሳይንቲስት የሚፈልግ ነገር አይደለም፤ ማጥለያውን ጥሎ ጠላው ለምን ደፈረሰ እንደማለት ነው።

የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ወደ 700 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። ስያሜው መሬቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ ሰው እጁን የማያስገባበት ዋና ክልል፣ በዙሪያው ጥንቃቄ የሚደረግበት መከለያ፣ ከዚያ ውጭ ሰው የሚያርስበትና የሚሠራበት ክልል። የኛ ሳይክል ቦታው መካከለኛው ነው። ዋናውን ክልል ዳር ሆነን እንየው። ይህን ሥርዓት ሌላ ሰው አልጫነብንም፤ ራሳችን ጠይቀን ያገኘነው ነው።

ረግረግ አድርቆ ኋላ ስለተጸጸተ አገር አንድ ምሳሌ ላንሣ። ከጎንደር ሄዶ እስራኤል የሚኖር የልጅነት ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ልጆቹን ይዞ በሰሜን በኩል ባለው የሁላ ሸለቆ ሳይክል ተከራይቶ መዞሩን በስልክ ሲያጫውተኝ፣ «ጣና ዳር ያለሁ መሰለኝ፤ ደንገሉ እንኳ ያው ነው» አለኝ። የሸለቆው ታሪክ ግን ያሳዝናል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወባን ለማጥፋትና የእርሻ መሬት ለማግኘት ተብሎ ረግረጉን አደረቁት። ለሺህ ዓመታት ከበሰበሰ ተክል የተከማቸው አፈር ውኃው ሲለቀው ደረቀ፤ ከመሬት ሥር ራሱን በራሱ እያቀጣጠለ ነደደ፤ ዐመዱን ነፋስ አነሣው፤ መሬቱም ሰመጠ። ከአፈሩ የታጠበው ንጥረ ነገር የገሊላን ባሕር መበከል ጀመረ። በመጨረሻ በ1990ዎቹ ከፊሉን መሬት እንደገና በውኃ ሞሉት። ዛሬ በዚያ ኩሬ ዙሪያ የግል መኪና አይገባም፤ ሰው በእግርና በሳይክል ይዞራል። በበጋችን ወራት ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጃጅም እግር ወፎች በብዙ አሥር ሺህ ያርፉበታል። ከነዚሁ ወፎች እስከ ጣና ዳርቻ የሚዘልቁ አሉ።

የኛ አፈር እንደ ሁላ የሚነድ አይደለም፤ አብዛኛው ዋልካና ደለል ነው። ትምህርቱ ግን ሌላ ነው። እነሱ ረግረጉን አጥፍተው፣ አርባ ዓመት ተጸጽተው፣ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ነው ሳይክል የሚዞርበት ረግረግ ያገኙት። እኛ ያለን ሳይከፈልበት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ሜትር የማይሞላ ዱካ በደረቁ ጠርዝ፣ ማሳው አልቆ ሣሩ በሚጀምርበት ሥፍራ ይከለል። ገበሬው ከብቱን የሚነዳበት ዱካ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው፤ አዲስ መቅደድ አያስፈልግም። ግድ ረግረጉን መሻገር ካለበት ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ማለፊያ ይሠራለት፤ ውኃው ከሥሩ ይለፍ። ለእንጨቱ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ረግረጉን እየመጠጠ የሚያደርቀው እሱ ስለሆነ፣ ከየዳሩ ተቆርጦ ማለፊያ ቢሆን ሁለት ጊዜ እንጠቀማለን። ዱካው ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘጋ። ይህን ስል ሳይክለኛ ወዳጆቼ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ ጭቃ ነው ደስታችን። ግን በጥቅምት እንኳ ያን ጭቃ የሚነካ ጎማ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ተናዝዣለሁ። በክረምት ቤዛዊት አለልን፤ ኮረብታው ድንጋያማ ነው፣ ይችለናል። ከአናቱ ላይ ሆነን የዓባይን ረግረግ ቁልቁል ብናይ አንሞትም።

የጥበቃውን ሥራ፣ የማለፊያውን ክፍያና የሳይክል ኪራዩን ደግሞ ለአካባቢው ሰው ስጡት። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚያስረው ሰው ከማንኛውም ባለሙያ በላይ የትኛው መሬት እንደሚሸከምና የትኛው እንደሚውጥ ያውቃል። ያን ሽምብራ የዘሩት አዛውንት ከረግረጉ ገንዘብ የሚያገኙበት መንገድ ካላዩ ነገም ቦይ ይቆፍራሉ፤ አልወቅሳቸውም። በሞተር ፓምፕ ከሐይቁ ዳር እየሳበ ጫት የሚያጠጣውንም ሰው በስብከት ብቻ አንመልሰውም።

«በዚህ ጊዜ የምን ሽርሽር ነው?» እንደምባል አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሰው በጸጥታው ምክንያት ከከተማ ወጣ ብሎ ለመመለስ ሁለት ጊዜ በሚያስብበት ወቅት ስለ ጎማና ቄጤማ መጻፍ ቅንጦት ይመስላል። ዛሬ ማንንም ጋልቡ አልልም። ነገር ግን ፕላን የሚወጣው፣ ካርታ የሚሰመረው፣ ቦታ የሚከፋፈለው ዛሬ ነው። ሰላም ወርዶ ሳይክላችንን ስናወጣ ረግረጉ ካርታው ላይ በሌላ ቀለም ተቀብቶ እንዳይጠብቀን እሰጋለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ከከተማው ወሰን ወዲያ የሐይቁንና የዓባይን ዳር የሚነካ ማናቸውም መንገድ ከመሰመሩ በፊት መሐንዲሶችዎ ቦታውን ሁለት ጊዜ ይዩት፤ አንዴ በነሐሴ፣ አንዴ በኅዳር። በነሐሴ ውኃው እስከ የት እንደሚመጣ ገበሬው ያሳያቸዋል። በኅዳር መሬቱ ሲጸና እኔ እወስዳቸዋለሁ፤ ሳይክል ለሌለው አመጣለሁ። ለእርስዎም አንድ አለኝ፤ ፍሬኑን አዲስ አድርጌዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ብስክሌተኛ