ሰባት ዓመት ያልተነካ በገና

 

በዚህ ወር የምጽፍላችሁ ከቱቅባ በደረሰኝ አንድ የድምፅ መልእክት ምክንያት ነው። ላኪዋ በኾበር ከተማ ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ የምትሠራ እኅታችሁ ናት፤ ስሟን እንዳልጠቅስ ለምናኛለች። የአሠሪዋ ልጅ ቼሎ የሚባለውን የፈረንጅ መሣሪያ በኮምፒዩተር ትማራለች። አስተማሪዋ ሩቅ አገር ተቀምጣ በመስኮቱ ውስጥ ትታያለች፤ ትጫወታለች፣ ታርማለች፣ እንደገና ታስጀምራለች። እኅታችን በጎን ባለው ክፍል ልብስ እየተኮሰች ትሰማለች።

«አባ» አለችኝ፣ «ድምፁ ከሆድ ነው የሚወጣው። በገናዬን አስታወሰኝ። ከአገር ሳልወጣ በሰንበት ትምህርት ቤት ስምንት ወር ተምሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት አልነካሁትም። ጣቴ ረስቶት ይሆን? ያጠራቀምኳትን ይዤ ልግባና ልማረው ወይስ ሞኝነት ነው? እናቴ ደግሞ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሽልኝ ትላለች።»

መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ከኋላዋ የማቀዝቀዣው ድምፅ እዝዝዝ ይላል። ሳቄ መጣ፤ በገናም እንዲያው ነውና።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በገና ደርዳሪ አይደለሁም። የዜማ ቤት ልጅ ነኝ፤ እጄ የለመደው ጸናጽል፣ ከበሮና መቋሚያ ነው። በማኅሌት በገና አይገባም። በገና በቤት፣ ይልቁንም በጾም ወራት፣ ሰው ለብቻው ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገርበት ነው። እኔ ያደግሁት ደግሞ በደርግ ዘመን ስለሆነ በሬድዮም አልሰማሁትም። መጀመሪያ የሰማሁት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አዲስ አበባ ስገባ፣ በአንድ ዘመዴ ቤት በዐቢይ ጾም ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ንብ ቤት የገባ መስሎኝ ነበር።

ያ ንዝረት የሚመጣው እንዝራ ከምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል ትገባለች። ደርዳሪው እንዝራዋን ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ታች እያደረገ ድምፁን ያገኘዋል። ካላገኘው አውታሩ ድው ብሎ ዝም ይላል። አውታሮቹ አሥር ናቸው፤ ከበግ አንጀት ይገመዳሉ። ሁሉም ግን አይመቱም፤ አንዳንዶቹ ጣት ማሳረፊያ ናቸው። ቼሎ አራት አውታር ብቻ አለው፤ በጉልበት መካከል ተይዞ የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን ይገዘገዛል። እንግዲህ እኅታችን ሁለቱን ያገናኘቻቸው በከንቱ አይደለም። ሁለቱም ትልልቅ፣ ሁለቱም ድምፃቸው ወፍራም፣ ሁለቱም ታቅፈው የሚያዙ ናቸው።

ስለ ቼሎ ስጠይቅ ፓብሎ ካሳልስ የሚባል የካታሎንያ ሰው ታሪክ ነገሩኝ። በ13 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1890፣ ባርሴሎና ውስጥ ከአንድ አሮጌ ሱቅ ባኽ የተባለው ጀርመናዊ ለቼሎ ብቻ የደረሳቸውን ስድስት ድርሰቶች አገኘ። በሕዝብ ፊት ከመጫወቱ በፊት ግን 12 ዓመት ያህል በየቀኑ ለብቻው አጠናቸው። በኋላ የዓለም ሁሉ መምህር ሆነ፤ እስኪያረጅ ድረስም አስተምሯል።

የእኛን መምህር ግን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን ታውቋቸዋላችሁ፤ ስማቸውን ባታውቁ ድምፃቸውን ታውቁታላችሁ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1950 እንጦጦ ነው። ዕድሜያቸው 12 ሲሆን አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ ታላቅ የበገና መምህር ለቤተሰቡ ጎረቤት ሆነው መጡ። የልጁ ዕድል የተከፈተው በዚህ ነው፤ በጎረቤት። ፍላጎቱ ኖሯቸው ጎረቤት ያላገኙ ስንቶች ይሆኑ! እ.ኤ.አ. በ1972 ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ድርደራቸውን ቀረጹት፤ በዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብም ወጣ። ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ።

አሁን ልብ በሉልኝ። እኒህ ሰው በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው በገና ሲያስተምሩም ጂኦግራፊውን አልተዉትም፤ ሁለቱንም ያስተምሩ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ። መንፈሳዊ ነገር ሁሉ በክፉ ዓይን ሲታይ በገናም ከሬድዮ ጠፋ፤ በትምህርት ቤቱም ትምህርቱ ተቋረጠ። መምህሩ እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራቸውን ለቀው አዲስ አበባ ውስጥ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈቱ።

አስቡት እስቲ። የሚያውቀው ጠፍቶ፣ የሚማረው ጠፍቶ፣ የአገሪቱ አንደኛ ደርዳሪ ባንኮኒ ጀርባ ቆመው ዕቃ ይሸጣሉ። ደንበኛው ዋጋ ሲከራከር ከፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ አያውቅም። እናንተ ይህን ነገር ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ መምህርት ሆና፣ ነርስ ሆና፣ ጥልፍ አዋቂ ሆና በሰው ቤት «አንቺ» ብቻ ተብላ የምትጠራ ስንት አለች።

እጃቸው ግን አልረሳም። ምስክሩ ደርግ ከወደቀ በኋላ የተቀረጸው ሥራቸው ነው። ፈረንሳዮች «ኢትዮፒክስ» ብለው በሚያሳትሙት ተከታታይ ሲዲ 11ኛው የእርሳቸው ነው፤ «ተው ስማኝ አገሬ» የሚለውን እዚያ ውስጥ ታገኙታላችሁ። በውጭ አገር መድረክ ደረደሩ፤ በአገር ቤትም ተማሪ ተቀብለው አስተማሩ። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ በገና ታቅፈው የምታዩአቸው ልጆች የተገኙት እንዲህ ያሉ ጥቂት ሰዎች በዚያ ጨለማ ዘመን ስላልጣሉት ነው።

ሴት ልጅ በገና ትደርድር ወይ ብላችሁ የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ ድሮም የመኳንንት እመቤቶች ይደረድሩት ነበር። በእኛም ዘመን የሶስና ገብረ ኢየሱስ ድርደራ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ አገር ታትሟል። የፒያኖዋን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም አስታውሱ። በልጅነታቸው በጣልያን ተማርከው አሲናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል። ከዚያ ግሸን ማርያም ገብተው ፒያኖ በሌለበት ገዳም፣ በባዶ እግራቸው፣ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው የታተመው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በ99 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ኢየሩሳሌም ዐረፉ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ፣ ልጄ።

ጣትሽ ረስቷል፤ አልዋሽሽም። ስምንት ወር የተማረ ሰው ጀማሪ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ያቆሙት ብዙ ዓመት ከሠሩ በኋላ ነበር። ነገር ግን ጆሮሽ አልረሳም። ቢረሳ ኖሮ የሰው አገር መሣሪያ ሰምተሽ የራስሽን አታስታውሺም ነበር። ለጀማሪ ደግሞ ጣት በወራት ይሠለጥናል፤ ጆሮ ነው የሚያስቸግረው።

ቆርቆሮውን አስቀድሚ። የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ እናትሽ ክረምት ሲመጣ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አንቺ በገና ብትደረድሪ ድምፁ አይጥምሽም። ያ ሲያልቅ ከደመወዝሽ ትንሽ ትንሽ ለብቻ አስቀምጪ፤ ለመሣሪያውና ለመምህሩ። ወደ ቤት ከምትልኪው ጋር አትቀላቅይው፤ የተቀላቀለ ገንዘብ መንገድ ላይ ይቀራል። በገና ብቻውን ያኖረኛል ብለሽ ግን ሥራሽን እንዳትለቂ። እኒያን የሚያህሉ ሰው እንኳ እንጀራቸው ከጂኦግራፊና ከሱቅ ነበር። ስትገቢ ሌላ መተዳደሪያ ይዘሽ፣ በገናውን በጎን ተማሪ።

እስከዚያው መሣሪያ ይላክልኝ አትበዪ፤ በሰው ቤት ነሽና ለጠብ ምክንያት አትሁኝ። የምትሠሪው ግን አለ። ማታ በርሽን ዘግተሽ በጆሮ ማዳመጫ አንዱን መዝሙር ብቻ ምረጪና አሥር ቀን እርሱን ስሚ። ቅኝቱ ትዝታ ይሁን አንቺ ሆዬ ለይው። ቃሉን በደብተር ጻፊና በቃልሽ ያዢው፤ የበገና ግጥም ረጅም ነው፣ ቃሉን የማያውቅ ጣቱም ይደናገራል። ከዚያ የግራ እጅሽን ትራስ ላይ አሳርፈሽ መምህርሽ ያስተማረሽን የጣት ቁጥር ቀስ ብለሽ ሂጂበት። ለጎረቤት አይሰማም። ስትገቢም መምህርሽን ካቆምኩበት አስቀጥሉኝ አትበያቸው፤ ከመጀመሪያው አስጀምሩኝ በያቸው።

ይህን ሁሉ መልሼ ስልክላት በዚያው ማታ ጻፈችልኝ። የአሠሪዋ ልጅ ትናንት አንዲት መስመር ሃያ ጊዜ ያህል ስትደጋግም እንደ ነበር፣ አስተማሪዋም አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተቆጣች ነገረችኝ። «የእኔ መምህር ይቆጡ ነበር» አለች። የእኔም ይቆጡ ነበር፤ እኔ እንዲያውም በአለንጋ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።

ከመካከላችሁ በገና፣ መሰንቆም ሆነ ክራር ተምራችሁ ያቋረጣችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ስንት ወር እንደ ተማራችሁና የትኛው ጣት እንደሚያስቸግራችሁ ጭምር ንገሩኝ፤ ከደርዳሪዎች ጠይቄ በሚቀጥለው እትም እመልስላችኋለሁ።