ተራ ሳይጠብቁ መጫወት

ይህ እትም ረጃጅም የስልት ጨዋታዎችን እንዴት ማፋጠን እንደሚቻል ይመለከታል። ስድስት ሰው ከቦ የሚጫወተው ጨዋታ ሌሊቱን የሚፈጀው በአብዛኛው ተራ በመጠበቅ ነው፤ አንዱ ሲያሰላ አምስቱ ስልካቸውን ይነካካሉ።

መላው ከጥንትም ነበረ። በሰንጠረዥ፣ በአገራችን ቼዝ፣ መክፈቻው «ወረራ» ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ እያንዳንዱም የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! አለን ካልሃመር እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው «ዲፕሎማሲ»ም ሰባቱ ተጫዋቾች ትእዛዛቸውን በወረቀት ጽፈው በአንድ ጊዜ እንዲገልጡ ያደርጋል።

ሰዓትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1861 አንደርሰንና ኮሊሽ ቼዝ ሲጋጠሙ ጊዜያቸው የተለካው በአሸዋ ሰዓት ነበር። ብዙ ሰው በሚደራደርበት ጨዋታ ግን ሰዓት ብቻውን ወሬውን ያፍናል።

ስለዚህ ደንቡን ከማሳጠር በፊት ተጫዋች ሥራ ፈቶ የሚቀመጥበትን ጊዜ መቀነስ ይሻላል እንላለን። በውስጥ ገጾች ያሉትን ዘዴዎች ከወዳጆቻችሁ ጋር ሞክሩና የሠራውንም ያልሠራውንም ጻፉልን።