ለቦቢ ቀበቶ ከመግዛታችን በፊት

«አንቺ ልጅ፣ ጋዜጠኝነት አይደል የተማርሽው? በይ እንግዲያው ለቦቢ ቀበቶ ፈልጊለት!»

ይህን ያለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የዛሬ ሦስት ወር ከጉባ ደውሎ። ጉባን ዛሬ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለባት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግድቡ ከተመረቀባት ወዲህ ስሟ ከአፋችን አልወረደም። ወንድም ጋሼ ግን የሚኖረው ግድቡ ጋ ሳይሆን በወረዳዋ ከተማ በማንኩሽ ነው። አነስተኛ የሰሊጥ መጋዘን አለችው። መጋዘኗን የሚጠብቀው ቦቢ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ «ንጹህ ጀርመን ሸፐርድ ነው» ተብሎ ተገዝቶ፣ በቻግኒና በግልገል በለስ በኩል በአይሱዙ ተጭኖ የወረደ ውሻ።

ቦቢ ከተኛበት መነሳት አቅቶታል። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ያነሳል። ሲራመድ ዳሌው ይወዛወዛል። ጎረቤቱ «ከሚሰቃይ ገላግለው» ይላል። አሜሪካ ያለው የአክስታችን ልጅ ደግሞ ዳሌው ላይ ቀበቶ ታስሮለት የሚፈነጥዝ ውሻ በቪዲዮ አሳይቶ «ልግዛለት?» ብሏል። ወንድም ጋሼ በሁለቱ መሀል ቆሞ ነው የደወለው።

«ሰው የሚበላው ባጣበት አገር የውሻ ቀበቶ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን እስኪ እናስበው። ቦቢ ሶፋ ላይ የሚንደላቀቅ ውሻ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋ ዘበኛ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን ታማኝነቱን ስንተርት ኖረን፣ መጮህ እንጂ መቆም ሲያቅተው «ገላግለው» ማለት ትንሽ አያሳፍርም? ደግሞም ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይደለም። የተሳሳተ ነገር ከገዛን ገንዘቡም ይባክናል፣ ውሻውም ይሰቃያል።

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ቀበቶው የመጨረሻው ግዢ ነው። ከእሱ በፊት መደረግ ያለባቸው፣ አብዛኞቹም ከኪስ የማያስወጡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በሽታው የዳሌ መሆኑን እንወቅ። የኋላ እግር የሚያደክም ሁሉ ዳሌ አይደለም። ጉባ ቆላ ናት፤ በአካባቢው የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ አለ። ገንዲ ደግሞ ከብት ብቻ ሳይሆን ውሻንም ይይዛል፣ ያከሳል፣ ያደክማል። የጉልበት ጅማት መበጠስም፣ የጀርባ አጥንት ችግርም እንዲሁ ያነክሳል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ደህና የነበረ ውሻ በድንገት የኋላ እግሩ ከተያዘ፣ ለሀጩ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ ቀበቶ ላስርለት ብላችሁ እንዳትጠጉት! የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ባለሙያ ጥሩ። የቦቢ ግን በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣ ነው። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እግሩን ወደ ኋላ ሲዘረጋው ቦቢ ጮኸ። ሲራመድ የተቀረጸውን ቪዲዮ ደግሞ አዲስ አበባ ላለ የእንስሳት ሐኪም አሳየሁ። «ለማረጋገጥ ራጅ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሁሉም ምልክት ወደ ዳሌ ይጠቁማል» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ቀበቶ ምን እንደሚችል እንወቅ። ዳሌ ማለት የጭን አጥንት ክብ ራስ ጎድጓዳ አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚሽከረከርበት መገጣጠሚያ ነው። ሂፕ ዲስፕሌዥያ በሚባለው ችግር ራሱና ጎድጓዳው በደንብ አይገጥሙም። ይላላሉ፣ ይፋተጋሉ፣ በመጨረሻም የመገጣጠሚያ ብግነት ይመጣል። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ስለሆነ ከላይም ከታችም ማሰር ይቻላል። ዳሌ ግን ከወፍራም ጡንቻ ሥር ተቀብሯል፤ ከውጭ የታሰረ ጨርቅ አጥንቱን ወደ ጎድጓዳው ሊመልሰው አይችልም። የዳሌ ቀበቶ የሚሰጠው ሙቀትና ቀላል ጫና ነው። ለአንዳንድ ውሻ ይህም እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙ በጠንካራ ጥናት የተረጋገጠ አይደለም። ሙቀት የሚባለውስ ለማን ነው? በብርድ አገር ለሚኖር ውሻ እንጂ ጉባ ላለ? በዚያ የቆላ ሐሩር ወፍራም ላስቲክ መሰል ቀበቶ ቀኑን ሙሉ ቢታሰርበት ቆዳው ይላጣል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉም ዝንብ ይጠራል።

ሦስተኛ፣ ውሻውን እንመዝን። ወንድም ጋሼ ቦቢን የሰሊጥ ባስኩል ላይ አቆመው፤ 47 ኪሎ! ወንድ ጀርመን ሸፐርድ በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። ለካስ ቦቢ ከልኳንዳ ቤት ትርፍራፊውን እየበላ፣ ቀን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል። እስኪ በተጎዳ ዳሌ ላይ ሰባት ኪሎ ሰሊጥ ተሸክማችሁ ዘበኝነት ሞክሩት!

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 48 የላብራዶር ውሾችን ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታትሏል። ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንደኛው ከጓደኛው 25 በመቶ ያነሰ እንዲበላ አደረጉ። ትንሽ የበሉት በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ ያህል የበለጠ ኖሩ፤ የዳሌ ብግነትም የጀመራቸው ዘግይቶ፣ የያዛቸውም ቀለል ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ያለው ቀበቶ ካለ አሳዩኝ።

እናም ለቦቢ የታዘዘለት ይኸው ነው። ትርፍራፊው ቀነሰ፤ መለኪያውም እጅ ነው፣ የጎን አጥንቱን ስትዳስሱት በቀላሉ እጃችሁ ላይ መምጣት አለበት። ሰንሰለቱ ተፈታ። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ሳይበረታ በለስላሳ መሬት ላይ አጭር የእግር ጉዞ ተጀመረ፤ ዳሌን እውነት የሚደግፈው ጡንቻ ነውና። ዋናም ጥሩ ነው ይላሉ። ወንድም ጋሼ ይህን ስነግረው «አባይ ላይ ከአዞ ጋር?» ብሎ ሳቀብኝ። ሲሚንቶው ላይ ጆንያ ተደራርቦ ተነጠፈለት፤ በሰሊጥ መጋዘን ጆንያ ሞልቷል። መነሳት ሲያቅተው ደግሞ አሮጌ ነጠላ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት አሳልፎ ከሁለቱም ጎን ወደ ላይ መደገፍ ነው። ይህ ነጠላ በውጭ አገር እጀታ ያለው ማንገቻ ተብሎ ከሚሸጠው ጋር ሥራው አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ለራሳችሁ የገዛችሁትን ማስታገሻ ለውሻ አትስጡ። ወንድም ጋሼ ዲክሎፌናክ ሊሰጠው እጁ ላይ ይዞት ነበር። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ጉበቱን ሊጎዱ ይችላሉ። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፤ የሚያዘው ግን ሐኪም ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቀበቶ ካስፈለገስ? ይገዛ። መጀመሪያ ግን ወገቡ፣ የጭኑ ዙሪያና የጀርባው ርዝመት በሜትር ይለካ፤ «ትልቅ ውሻ» ብቻ ብሎ ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው። አየር የሚያስገባ፣ የሚታጠብ፣ ለወንድ ውሻ ሽንት የማያግድ ይሁን። ሲታሰር ሁለት ጣት ያስገባ። በመጀመሪያው ቀን ከሩብ ሰዓት አይለፍ፤ ሲተኛ ይፈታ፤ ብሽሽቱ በየቀኑ ይታይ። ሰውየው ይህን በየቀኑ ማድረግ ካልቻለ አይግዛው።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን የችግሩ መነሻ ነው። ዲስፕሌዥያ በዘር ይወረሳል። አሜሪካኖች የውሾችን ዳሌ በራጅ እያዩ የሚመዘግብ ተቋም ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እኛ ዛሬም ቡችላ ስንገዛ ጆሮው መቆሙን አይተን ነው። «የእናትና የአባቱ ዳሌ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ገዢ ስንት ነው? ሻጩስ ስለማይጠየቅ ለምን ይጨነቃል? ደግሞስ የቆላ መጋዘን ለመጠበቅ የግድ ጀርመን ያስፈልጋል? ሙቀቱን የለመደው ያገራችን ውሻ ምን አነሰው?

ቦቢ ባለፈው እሁድ ባስኩሉ ላይ 42 ኪሎ መዘነ። አልዳነም፤ ዲስፕሌዥያ ደግሞ አይድንም። አሁንም ዳሌው ይወዛወዛል፣ አንዳንድ ጠዋት ነጠላው ያስፈልገዋል። ብዙውን ቀን ግን ራሱ ተነስቶ ወንድም ጋሼን በር ላይ ይቀበለዋል። ምናልባት አንድ ቀን ሕመሙ ከመድኃኒትም ከአመጋገብም በላይ ይሆንና የሐኪም መርፌ ምሕረት ይሆንለታል። ያ ቀን ሲመጣ እንወስናለን። ባስኩል ላይ እንኳ ሳይወጣ ቢፈረድበት ግን ግፍ ነበር።

የአክስታችንን ልጅ ቀበቶውን ተወውና ገንዘቡን ለራጅና ለሐኪም ላክልን ብዬዋለሁ። እሺ ብሏል።

ቸር ያሰማን።