ነውሩ የማን ነው?

አስኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ እናት ለሚያለቅስ ልጇ ጡቷን ስታወጣ «ሸፈን አድርጊ እንጂ!» የሚል ጨዋ ነኝ ባይ አይጠፋም። እስቲ ልጠይቅህ ወንድሜ፤ አንተስ በምን አደግህ? እናቶቻችን በገበያም በለቅሶ ቤትም ነጠላቸውን ጣል አድርገው ሲያጠቡን ማን ነውር አለው?

ይልቅ እውነተኛውን ነውር ላሳይህ። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ከወሊድ በኋላ የሰጣት 90 ቀን ነው። እንደ አስኮ ባለ የፋብሪካ ሰፈር ሠርታ የምታድር እናት የቀረውን 3 ወር የት ታጥባ? ማሽን ሥር?

እንግዲህ ዓይንህን ከጡቷ አንሳና አዋጁ ላይ አፍጥጥ! እናት የቸገራት መሸፈኛ አይደለም፤ መቀመጫና የማጥቢያ ጊዜ ነው።