ዝውውር ያልጠየቁ እኅቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ መንገደኛ ቃሊቲን አልፎ አቃቂ ሲደርስ የፋብሪካ ከተማ መግባቱን ወዲያው ያውቃል። የጂቡቲው ባቡር ያልፍበት የነበረው ሐዲድ፣ የብረታ ብረቱና የጨርቃ ጨርቁ ሥራ ከየአገሩ ሠራተኛ እየሳበ ያመጣበት ቦታ ነው። በዚህ ሠፈር የታመመ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናት ነጭ ልብስ የለበሰችውን አስታማሚ ስትጠራ «ነርስ» አትልም፤ «ሲስተር» ትላለች። አስታማሚዋ ኦርቶዶክስ ትሁን ሙስሊም፣ ባለ ትዳርና የልጆች እናት ትሁን፣ ስሟ ያው «ሲስተር» ነው። ቃሉ እኅት ማለት መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ከየት እንደ መጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሕመምተኛን ሲያስታምሙ የኖሩት ለእግዚአብሔር የተሳሉ ደናግል ስለ ነበሩ፣ ደናግሉ በሌሉበት ሐኪም ቤት እንኳ ስማቸው ቀረ፤ ከሕክምናው ጋራም ወደ እኛ ተሻገረ።

ዛሬ ልናነሣ ያሰብነው የስሙን የመጀመሪያ ባለቤቶች ነው። በአቃቂም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል በምንኩስና ሕይወት አርባና ኀምሳ ዓመት የቆዩ የካቶሊክ እኅቶች አሉ። ከእነዚህ ከአንዳንዶቹ ጋራ ቁጭ ብሎ የተጨዋወተ ሰው አንድ ጠባያቸውን ሳያስተውል አይቀርም፤ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ስለ ሌላ ሰው ይመልሳሉ። ስንት ዓመት አገለገሉ ቢሏቸው በዚያ ዓመት ስለ ተወለደችው ልጅ፣ ስለ ተቆፈረው ጉድጓድ፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ ስለ ተዳረችው ተማሪ ያነሣሉ። ትሕትናው ማለፊያ ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን አያመችም።

አንዳንድ አንባቢ የመንግሥት ጋዜጣ ስለ ካቶሊክ ደናግል ምን አገባው ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1995 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) የጸናው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል። ከዚህም ሌላ የካቶሊክ ስም በአገራችን ታሪክ ውስጥ የጣፈጠ ትዝታ ብቻ አይደለም ያለው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው ሕዝቡም ይከተል ባሉ ጊዜ ስንት ደም እንደ ፈሰሰ፣ በ1632ም ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እንደ ለቀቁ ማንም ተማሪ ያውቀዋል። እንዲያውም በሥነ ጽሑፋችን ስሟ ከገነነው መነኮሳት አንዷ ወለተ ጴጥሮስ፣ ይህንኑ ሃይማኖት ተቃውማ የተሰደደችና ተከታዮቿን ይዛ በጣና ዙሪያ የተንከራተተች ናት፤ ገድሏም ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ በ1672 ተጽፏል። በጠላት ወረራ ዘመንም የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ከአገር እንዲወጡ ተደርገው በኢጣሊያውያን ተተክተዋል፤ ይህም መስቀልና ባንዲራ አንዳንድ ጊዜ ተያይዘው መሄዳቸውን ያሳያል። እኛ ይህን ሁሉ ልንደብቅ አንወድም። ነገር ግን የነገሥታትና የጳጳሳት ጠብ ሌላ፣ ሌሊት ተነሥታ ምጥ የያዛትን ሴት የምትረዳ እኅት ሥራ ሌላ ነው።

በእኛ ዘንድ ሴት የምትመነኩሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጆቿን አሳድጋ፣ ባሏን ቀብራ፣ ከዓለም ጉዳይ ስትርቅ ነው። ቆብ ደፍታ እማሆይ ተብላ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሥራዋም ጸሎትና ጾም ነው። በአውሮፓም ቀድሞ ደናግሉ ከገዳም ቅጥር እንዳይወጡ ሕግ ያስገድዳቸው ነበር። በ1633 በፓሪስ ቪንሰንት ደ ፖልና ሉዊዝ ደ ማሪያክ የበጎ አድራጎት ልጆች የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ሴቶቹ በየጎዳናው ወደ ድኻው ቤት እየሄዱ እንዲያገለግሉ ሆነ። በ1839 ዐድዋ የገቡት አቡነ ያዕቆብ (ዩስቲኖስ ደ ያኮቢስ) ያው ቪንሰንት ከመሠረቱት የካህናት ማኅበር የወጡ ነበሩ። እንግዲህ ለሥራ የተሰለፈች መነኩሲት በአገራችን እንግዳ ነገር ነበረች፤ ወጣት ሆና ትመነኩሳለች፣ ተምራ ትመነኩሳለች፣ መንኩሳም ከገበያ ትውላለች።

ሥራቸውን ሁሉ መዘርዘር ለአንድ እሑድ ገጽ አይበቃም። በ1950 በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳ ኢየሱሳውያን መሪነት ሲከፈት ብዙ ተነግሮለታል። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን በአሥመራ የቅድስት ቤተሰብ ኮሌጅን ያቋቋሙት፣ ኮሌጁም አድጎ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ሴቶች ደናግል (የኮምቦኒ እኅቶች) መሆናቸውን ከተማሪዎቻችን ስንቱ ሰምቶ ይሆን? በ1973 ደግሞ የማዘር ቴሬሳ እኅቶች አዲስ አበባ ገቡ፤ የወሎ ሰው በራብ የሚያልቅበት ዘመን ነበር። ወዳጅ ዘመድ የሌለውን ሕመምተኛ ከመንገድ እያነሡ በስድስት ኪሎ ቤታቸው አስታመሙ። በአስኮ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋራ የተወለዱ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሰበሰቡ። የጸረ ኤች አይ ቪው መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ2005 ነውና፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቤት ማለት ልጆች እያሳደጉ ልጆች መቅበር ማለት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችን ያረፈበት ግን ሌላ ቦታ ነው። ከወልቂጤ ባሻገር በጉራጌ አገር አጣጥ የሚባል ሐኪም ቤት አለ። በ1969 የመሠረቱት የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች ይባላሉ። የዚህን ማኅበር አመጣጥ ያየ ሰው ይገረማል። መሥራቿ አና ዴንግል የምትባል የኦስትሪያ ሐኪም ነበረች። በዚያን ጊዜ የህንድ ክፍል በነበረችው በራዋልፒንዲ ስትሠራ ሴቶች በወንድ ሐኪም መታየት ነውር ሆኖባቸው በወሊድ ሲሞቱ አየች። ደናግል ይርዷቸው እንዳይባል የገዛ ቤተ ክርስቲያኗ ሕግ ደናግል የማዋለድ ሥራ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። እርሷም በ1925 በዋሺንግተን ማኅበሩን ስትመሠርት ሕጉ እንዳያግዳት አባሎቿን ይፋ መሐላ ሳታስምል አሰባሰበች፤ ሮማም ክልከላውን ያነሣችው በ1936 ነው። ሕጉ እስኪለወጥ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ አና ዴንግል ግን ሥራውንም ጀመረች፣ ፈቃዱንም ጠየቀች።

በአጣጥ እኅቶቹ ያጋጠማቸው ችግር ለማንኛችንም አዲስ አይደለም። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲመጡ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ አልፏል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በክረምት ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ አስቀድሞ ችግር የሚያሠጋትን ሴት፣ መንታ ያረገዘችውን፣ ከዚህ ቀደም ተቀዳ የወለደችውን ወይም ሞቶ የተወለደባትን፣ መውለጃዋ ሳይደርስ መጥታ ከሐኪም ቤቱ አጠገብ እንድትቆይ አደረጉ። ማረፊያው ያገሬው ዓይነት ቤት ነው፤ ዘመድ ስንቅ ያቀብላል፣ ሴቶቹም ምጡ እስኪመጣ እርስ በርሳቸው እየተጫወቱ ይጠብቃሉ። በዚህ ውስጥ ምንም ረቂቅ መሣሪያ የለም። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምናየው የእናቶች ማቆያ፣ ገንፎው ሳይቀር፣ የዚሁ ሐሳብ ዘመድ ነው።

ውጤቱስ? በ2010 በሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በአጣጥ የተመዘገበውን 24,148 ወሊድ መርምሯል። በማቆያው ከሰነበቱት 6,805 እናቶች ዘንድ የሞት መጠኑ በመቶ ሺህ ሕያው ልደት 90 ያህል ነበር፤ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ ግን 1,333 ያህል ሆኖ ተገኘ። ሞቶ የሚወለደውም ሕፃን ከማቆያው በሺህ 18 ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት 191 ነው። በርግጥ በቀጥታ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ነገሩ የከፋባቸው ስለ ሆኑ፣ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ነገሩ መጥናቱ በራሱ የሚያስከትለው ጥያቄ አለ፤ ጥናቱ ሊጻፍ የቻለው በምን ምክንያት ነው? መዝገቡ ስለ ነበረ ነው። መንግሥት ሲለወጥ፣ ሹም ሲሻር፣ ሌላ ሲሾም፣ ሌሊትም ቀንም የተወለደውንና የሞተውን የሚጽፍ ሰው በቦታው ስለ ነበረ ነው።

ወጣት ሹማምንቶቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። አንድ የተማረ ወጣት ወደ ሩቅ ወረዳ ሲመደብ ሻንጣውን ሳይፈታ የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ከተማ ሲመለስ የጀመረው ሥራ ከርሱ ጋራ ይነሣል፤ ተተኪው መዝገቡን ከአዲስ ገጽ ይከፍታል፣ የቀድሞውንም አያነበውም። እኛም ጋዜጠኞች ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም፤ አንድ ሥራ ሲመረቅ ሪባኑ እስኪቆረጥ ቆመን ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ በአሥረኛው ዓመት ምን እንደ ሆነ ለማየት ግን አንመለስም። እኅቶቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ ባንድ ቦታ አይኖሩም፤ የማኅበሩ አለቃ ሂጂ ስትላቸው ይሄዳሉ፤ ታዛዥነት ከድኅነትና ከድንግልና ጋራ ከተሳሉባቸው ነገሮች አንዱ ነውና። ነገር ግን አንዷ ስትሄድ ሌላዋ በዚያው ደብተር ላይ ትቀጥላለች።

እንግዲህ ሁሉም እንደ ደናግል ይሁን ማለታችን አይደለም። ሚስቱ በአንድ ከተማ፣ እርሱ በሌላ ከተማ የሚኖር፣ በደመወዙ እናት አባቱን የሚጦር ወጣት ዝውውር ቢጠይቅ አንፈርድበትም። እኅቶቹ የሚያሳድጉት ልጅ የላቸውም፤ ማኅበራቸው በሕመምም በእርጅናም ይጦራቸዋል፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ይሆናል። በሩቅ ወረዳ የሚቆየውን ሠራተኛ በቤት፣ በትምህርት ዕድልና በዕድገት ማበርታት የመሥሪያ ቤቶች ዕዳ ነው። ያለዚህ ወጣቱን በግብረ ገብ ቃል ብቻ ቆይ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ እኛም በዚህ ገጽ እንዲህ ያለውን ስብከት ደጋግመን አሳትመን ብዙ ፍሬ አላየንበትም።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር ግን አለ። ብዙ ዓመት ያገለገሉት እኅቶች እያረጁ፣ እየሞቱም ናቸው። ከ1974 አብዮት በኋላ ከሚሲዮን ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቶች አንዳንዶቹ ወደ መንግሥት ሲዞሩ ያዩ፣ የራቡን ዓመታት ያዩ፣ የኤች አይ ቪውንም መከራ ያዩ ናቸው። ከውጭ የመጡት የጻፉት ደብዳቤ በየማኅበራቸው ቤት በውጭ አገር ይቀመጥ ይሆናል። የኢትዮጵያውያቱ እኅቶች ታሪክ ግን ማን ዘንድ ይቀመጣል? በሠፈሩ አፍ ካልሆነ በቀር ያልተጻፈው ይበዛል፤ ሠፈሩም፣ አቃቂን የመሰለው በተለይ፣ ቤቱ ሲፈርስና ሲሠራ ሰዉ ይበተናል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን ሲሉ እንሰማለን። ከአቃቂ መጀመር ይችላሉ፤ ከከተማው መሐል በታክሲ የሚደረስበት ነው። አንድ ደብተር ይዘው፣ አስቀድመው አስፈቅደው፣ ከአረጋውያቱ እኅቶች ዘንድ ይሂዱ። የአገልግሎት ትርጉም ምንድን ነው ብለው ግን አይጠይቁ፤ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሚገኘው መልስ አጭር ነው። ይልቁንም መጀመሪያ የተመደቡበት ቦታ ስንት ቀን ያስኬድ እንደ ነበር፣ መብራት በሌለበት በምን ያዋልዱ እንደ ነበር፣ ቋንቋውን ያስተማራቸው ማን እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው ዛሬ የት እንዳሉ፣ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ በተባሉ ጊዜ ማን እንዳለቀሰ ይጠይቁ። ቡና መቅረቡ አይቀርምና ለመነሣት አይቸኩሉ። የጻፉትንም ይዘው ይመለሱና ያንብቡላቸው፤ ቀኑንና የሰዉን ስም ከነሱ ይልቅ አስተካክሎ የሚያርም የለም።